አንድ ይጎድላል

የመሣሪያው ክፍል ቁልፍ ከእኔ ወገብ ነው፤
ዳህራን፣ ከኮረብታው ሥር፣ ምድር ቤት ያለው።
በሩ ላይ በነሐስ የለጋሹ ስም፣
ሐሙስ ሐሙስ የምወለውለው፤ አንብቤው ግን አላውቅም።

ውስጡ ሁሉ ስጦታ ነው፦
ኩባንያው የሰጠው ገመድ፣ ኩባንያው የሰጠው ባትሪ፣
ከበረሃ ጡረታ የወጣ መኪና፣ አሮጌ መሬት ነዛሪ።
ሶፍትዌሩም የሰው ነው፤ በየጥር ወር ፈቃዱ
ካልታደሰ ስክሪኑ ይጠቁራል፤ ተማሪው ቀረ ከመንገዱ።

ዶክተር ናምቢያር ለእንግዳ ሲያስረዳ፣ "ይህ ድልድይ ነው" ይላል፣
"ከክፍል እስከ ጉድጓድ፣ ከወረቀት እስከ ደመወዝ ያደርሳል።"
እኔ ድልድዩን የማውቀው በፊርማ፤
ማን ወሰደ፣ ማን መለሰ፤ ሌላውን ማን ሰማ።

በኅዳር፣ ከሆፉፍ መንገድ ወዲያ፣ መስክ ወጡ፤
አራት መቶ ሰማንያ ጆሮ ቆጥሬ ሰጠሁ፣ አራት መቶ ሰባ ዘጠኝ መጡ።
ጆሮ የምለው እኔ ነኝ፤ እነሱ ሌላ ስም አላቸው፦
መዳፍ የምታህል ቆርቆሮ፣ ከሥር እሾህ፤ አሸዋ ውስጥ ሲተክሏቸው
ቀን ከሌት ይሰማሉ፣ እስኪደክም ባትሪያቸው።
መኪናው ምድሩን ሲነዝር፣ ድምፁ ወርዶ ወርዶ፣
የድንጋይ ደጅ አንኳኩቶ ይመለሳል ወሬ ወልዶ።
ሰሙ አሸዋ፣ ወርቁ ዘይት፤ ይቺን ቅኔ ለመፍታት ነው
ያ ሁሉ ገመድ፣ ያ ሁሉ ላብ፣ ያ ሁሉ ሰው።

"አንድ ይጎድላል" አልኩ። ቡሰይና ደነገጠች፤
የአሕሳ ልጅ ናት፣ የቴምር ነጋዴ ልጅ፤ ሦስቴ ቆጠረች።
ዋጋው የሦስት ወር ደመወዜ፤ የማን ደመወዝ እንደሚቆረጥ
ሁለታችንም እናውቃለን፤ ዝም አልኩ፣ እሷ ከንፈር ስትመጥ።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ፒክአፕ ለምኜ ሄድኩ፤
ቁጥሩ ልክ ነው፣ አሸዋው ግን ቤት ለውጧል፤ ባዶ ላይ ደረስኩ።
ግራ እግሬ ያነክሳል፣ ጁቤይል ወደብ ብረት ያረፈበት፤
አንዱን እግር ስተክል፣ አንዱን ስጎትት፣
ክብ እየዞርኩ፣ በዱላ አሸዋ እየወጋሁ፣
አንዴ "የት ነህ?" አልኩት በአማርኛ፤ ራሴን ሰምቼ ሳቅሁ።
ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዱላው ቆርቆሮ ነካ፤
በጥምጣሜ ጠረግሁት፤ ትንሽ አረንጓዴ መብራት፣ በሕይወት አለ ለካ።

እሑድ ቡሰይና ሰርቨር ላይ ጫነችው፣ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ
ብቻውን የሰማውን፦ ነፋስ፣ የሩቅ ቦቴ፣ ሌሊት ያለፉ ግመሎች ሁሉ።
መጨረሻው ላይ ግን አንድ መስመር ይርገበገባል፤
ጠንከር፣ ላላ። ጠንከር፣ ላላ። ይቀርባል፣ ይርቃል፣ ይቀርባል።
"ይህን እናጣራዋለን" አለች፣ "እንዲህ ያለው ጫጫታ ነው፣
ከሥሩ ያለውን ድንጋይ እንዳናይ የሚሸፍነው።"

ጣቷ አዝራሩ ላይ ነበር።
እግሬን አየች። ስክሪኑን አየች። ደግማ እግሬን።
"እኔ ነኝ" አልኩ። "እዚህ ጋ ተሳስቼ አልፌዋለሁ፤
እዚህ ጋ ቆሜ ውኃ ጠጣሁ።"
ከሰማንያ ሜትር ጀምሮ ሰምቶኛል።
እኔ ስፈልገው።

በየካቲት የኩባንያው ሰዎች መጡ፤ ከረባት፣ ጥቁር መነጽር፤
ከሃያ ተማሪ ሦስቱን የሚመርጡበት ቀን ነው፤ እኔም በሻይ ትሪ ስዞር፣
አንዱ ከቡሰይና ሥዕል ፊት ቆመ፣ ጥጉ ላይ ጣቱን አሳረፈ፦
"ይሄኛውስ? ለምን ሳይጣራ አለፈ?"
አገጯን ወደ እኔ አነሣች። "መዝገብ ያዣችን ነው።"
ሰውየው ሳቀ። ካርዱን ለሷ ሰጣት፤ ከትሪዬ ስኳር የሌለውን ሻይ መረጠ።

እሷን ወሰዷት። መዝገቡ ላይ ለሰው ረድፍ የለውም፤
የሄደ ተማሪ እንደ ጎደለ አይጻፍም።
ያችን የወረቀት ቁራጭ ግን፣ ጠንከር፣ ላላ የሚለውን፣
በኅዳርና በታኅሣሥ ገጾች መካከል ሸጉጫለሁ። ከሥሩ በእጄ፦

የወጣ፣ አራት መቶ ሰማንያ። የገባ፣ አራት መቶ ሰማንያ።
ሁኔታ፣ ደህና።
የመለሰው፣ እንድሪስ።
በእግር።